ስድስት ይጻፋል፣ ሦስት ይሰማል

ሰላም ለሁላችሁ። ባለፈው እትም ስለ ፈረንሳይኛ ግሶች አጠር ያለ ነገር ጽፈን «ጥያቄ ያላችሁ ላኩልን» ብለን ነበር። የመጣው ደብዳቤ ብዙ ነው፣ በጣም ደስ ብሎኛል። አብዛኛው የሚያጠነጥነው አንድ ነገር ላይ ነው። ግሱን ወረቀት ላይ አርብቶ መጻፍ ሰው ቀስ በቀስ ይለምደዋል፤ አፍ ላይ ሲደርስ ግን የቱ ፊደል እንደሚነበብ፣ የቱ እንደሚዋጥ፣ ቃሉስ የት ላይ እንደሚቆረጥ ግራ ይገባል። ዛሬ ስምንቱን መርጬ እመልሳለሁ።

መጀመሪያ ሁለት ነገር እንስማማ። «ቀለም» ስል ገጣሚዎች ስንኝ ሲቆጥሩ እንደሚሉት ነው፤ አንድ አናባቢ ይዞ በአንድ ምት የሚወጣ የቃል ቁራጭ። «ሰላም» ሁለት ቀለም ነው፣ ሰ-ላም። ሁለተኛ፣ ፈረንሳይኛ በአፍንጫ የሚወጡ አናባቢዎች አሉት። እነሱን በቅንፍ (ን) እያደረግኩ እጽፋለሁ። «ፓር-ሎ(ን)» ካልኩ ምላሳችሁ ላንቃ ሳይነካ «ሎ»ን በአፍንጫ አውጧት። ቅንፍ የሌላት ን ግን እውነተኛ ን ናት፣ ምላስ ይነካል። የፊደሎቹን ስም ደግሞ እንደ ፈረንሳዮቹ ኧ፣ ኤን፣ ቴ፣ ኤስ፣ ኤል፣ ኤር እያልኩ እጠራለሁ።

ጥያቄ፦ «ማታ ማታ ፈረንሳይኛ እማራለሁ፣ ሦስት ወሬ ነው። ክፍል ውስጥ ‹እነሱ ይናገራሉ› የሚለውን ‹ኢል ፓር-ላ(ን)› ብዬ አነበብኩ። አስተማሪያችን ‹ኢል ፓርል› ብላ አረመችኝ። መጨረሻው ላይ እኮ ኧ-ኤን-ቴ ተጽፏል፤ ሦስት ፊደል ሙሉ! የት ገቡ? ያው ‹እሱ ይናገራል› ከሚለው ጋር አንድ ሆነ ማለት ነው?» (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ አዎ፣ አንድ ሆነ። አስተማሪሽ ልክ ናት።

ይሄንን ግስ ቁጭ ብለሽ ስድስቱንም መደብ ጻፊው። እኔ፣ አንተ፣ እሱ፣ እኛ፣ እናንተ፣ እነሱ። አሁን ጮክ ብለሽ አንብቢው። ዥ ፓርል፣ ቱ ፓርል፣ ኢል ፓርል፣ ኑ ፓር-ሎ(ን)፣ ቩ ፓር-ሌ፣ ኢል ፓርል። በጽሑፍ አንዱ በኧ፣ አንዱ በኧ-ኤስ፣ አንዱ በኧ-ኤን-ቴ ይጨርሳል። በጆሮ ግን አራቱ ፍጹም አንድ ናቸው፤ አንድ ቀለም፣ ፓርል። የሚለዩት «እኛ» እና «እናንተ» ብቻ ናቸው፣ እነሱም ሁለት ሁለት ቀለም አላቸው። ስድስት ይጻፋል፣ ሦስት ይሰማል።

ምክንያቱ ታሪክ ነው። ይሄ ኧ-ኤን-ቴ ከላቲን የመጣ የብዙ ቁጥር ምልክት ነው። በድሮ ጊዜ ይነበብ ነበር። አፍ በዘመናት ውስጥ እየበላው ሄደ፣ እጅ ግን መጻፉን አልተወም። ዛሬ የቀረው ለዓይን ነው።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቂ። ይሄ ሕግ የሚሠራው ግስ ላይ ብቻ ነው። ስም፣ ቅጽል ወይም ተውሳከ ግስ ላይ ያው ኧ-ኤን-ቴ ሲመጣ ይነበባል፤ «ደስተኛ» ኮ(ን)-ታ(ን) ነው፣ «ብዙ ጊዜ» ሱ-ቫ(ን) ነው። ፈረንሳይ አገር ልጆች ይሄንን የሚለማመዱባት አንዲት ዓረፍተ ነገር አለች፤ «ሌ ፑል ዱ ኩ-ቫ(ን) ኩቭ»። «የገዳሙ ዶሮዎች እንቁላል ታቅፈዋል» ማለት ነው። የመጨረሻዎቹ ሁለት ቃላት፣ «ገዳም» እና «ታቅፈዋል»፣ ሲጻፉ ፊደል በፊደል አንድ ናቸው። ሲነበቡ አንዱ ሁለት ቀለም፣ ሌላው አንድ ቀለም። ለእኛ ይሄ እንግዳ መሆን የለበትም። «ገና» የሚለውን ቃል ለብቻው ጽፌ ብሰጥሽ በዓሉ ይሁን «ገና አልመጣም» የሚባለው፣ ዙሪያውን ሳታዪ አታነቢውም። እዚያም እንደዚያው ነው፤ ቃሉ ግስ መሆኑን ካወቅሽ አፍሽ ራሱ ይስተካከላል።

አሁን ደግሞ ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን ልንገርሽ። ኧ-ኤን-ቴ አይነበብም ማለት ከፊቱ ያለው ተነባቢ አይነበብም ማለት አይደለም። እንዲያውም ተቃራኒው ነው። ኧ ራሷ ባትሰማም ከፊቷ ያለውን ተነባቢ ታስነሳዋለች። «ይወጣል» ኢል ሶር ነው፣ ቴ ተጽፎ አይሰማም። «ይወጣሉ» ግን ኢል ሶርት። «ይጨርሳል» ኢል ፊ-ኒ፣ «ይጨርሳሉ» ኢል ፊ-ኒስ። «ይወስዳል» ኢል ፕራ(ን)፣ «ይወስዳሉ» ኢል ፕሬን፤ በመጀመሪያው ምላስሽ አይነካም፣ በሁለተኛው ይነካል። «ይመጣል» ኢል ቭያ(ን)፣ «ይመጣሉ» ኢል ቭዬን። አየሽ፣ የብዙ ቁጥሩን የሚነግርሽ የመጨረሻዋ ተነባቢ ናት። ቀለሙ አይጨምርም፣ ግን መጨረሻው ላይ ተነባቢ ትሰማለች። ስለዚህ አፍሽን ማሠራት ያለብሽ እዚህ ላይ ነው። ሁለት ሁለቱን አጣምረሽ በየቀኑ በዪያቸው፤ ሶር፣ ሶርት። ፊኒ፣ ፊኒስ። ቭያ(ን)፣ ቭዬን። ሻይ እስኪፈላ ይበቃል።

ጥያቄ፦ «እኔ ከአዲስ አበባ ጅቡቲ የጭነት መኪና የምነዳ ሰው ነኝ። ፈረንሳይኛ የተማርኩት በጆሮዬ ነው። ወደብ ላይ ስለ ባልደረቦቼ ተጠይቄ ‹ወረቀቶቹ አሏቸው› ለማለት ‹ኢል ሶ(ን) ሌ ፓ-ፒ-ዬ› አልኩ። ሰውዬው ግራ ገብቶት አየኝ። ምኑ ላይ ነው የተሳሳትኩት?» (ከመንገድ ላይ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ በጆሮህ ብቻ ተምረህ እዚህ መድረስህ ትልቅ ነገር ነው። የተሳሳትከው አንዲት ድምፅ ላይ ነው። «ኢል ሶ(ን)» ማለት «እነሱ ናቸው» ነው። «አሏቸው» ለማለት «ኢል-ዞ(ን)» በል። ስለዚህ ለሰውዬው የነገርከው «ባልደረቦቼ ወረቀቶቹ ናቸው» ብለህ ነው።

ዟ ከየት መጣች? «እነሱ» የሚለው ቃል መጨረሻው ላይ ኤስ አለው። ለብቻው ሲሆን አይነበብም። ተከትሎት የሚመጣው ግስ በአናባቢ ሲጀምር ግን ኤሱ ነፍስ ይዘራና ዝ ሆኖ ከሚቀጥለው ቃል ጋር ይያያዛል። ይሄንን ማያያዝ ሊዬዞ(ን) ይሉታል። እና ዋናው ነገር፣ ዟ የምትውለው ከኋላ ካለው ቃል ጋር ሳይሆን ከፊት ከሚመጣው ግስ ጋር ነው። ኢልዝ ብለህ ቆም ብለህ ኦ(ን) አትልም። ኢል-ዞ(ን)። «አለን» ኑ-ዛ-ቮ(ን)። «ናችሁ» ቩ-ዜት። የፈረንሳይ አፍ በቃላት መካከል ያለውን ክፍተት አያውቀውም፤ ቀለሞቹን የሚቆርጠው እንደ አንድ ረጅም ቃል ነው።

እኛም እኮ እንዲሁ ነን። ፈጠን ብለህ «ቤት አለ» በል፤ ቤ-ታለ ነው የሚወጣው። ቴዋ ከ«ቤት» ወጥታ ወደ «አለ» ገባች። ፈረንሳይኛው ይሄንን ሁልጊዜ ያደርገዋል። «ይወዳል» ኢ-ሌም ነው፤ የ«ኢል» ል ተነሥታ ግሱ ላይ ተቀመጠች። «ይወዳሉ» ደግሞ ኢል-ዜም። በሁለቱ መካከል ያለችው ልዩነት ዟ ብቻ ናት፣ ግሱ ራሱ አንድ ነው፣ ኤም። ስለዚህ ዟን ካልሰማህ አንድ ሰው ይሁን ብዙ ሰው አታውቅም።

ጥያቄ ስትጠይቅ ደግሞ ሌላ ነገር ይመጣል። «ይወስዳል ወይ?» ሲሉ ፕራ(ን)-ቲል ይላሉ። የተጻፈው ዴ ነው፣ የሚሰማው ቴ ነው። «ይናገራል ወይ?» ደግሞ ፓር-ለ-ቲል ነው። እዚህ ላይ ግሱ ውስጥ ቴ ጨርሶ የለም፤ ሁለት አናባቢ እንዳይጋጭ ብለው መሃል ላይ አስገብተዋታል። በጽሑፍም ከሁለቱም ወገን ሰረዝ አድርገው ለብቻዋ ያስቀምጧታል።

ጥያቄ፦ «‹መስጠት› የሚለው ግስ በሁለት ኤን ነው የሚጻፈው። ስለዚህ አጥብቄ ‹ዶን-ኔ› ብዬ አነበዋለሁ። የፈረንሳይ ጎረቤቴ ደግሞ ሁልጊዜ ፈገግ ትላለች። ሁለት ፊደል ተጽፎ ካላጠበቅን ምን ጥቅም አለው?» (ከሊዮን)

መልስ፦ ይሄ የሐበሻ ጥያቄ ነው፣ ደስ የሚለኝም ለዚህ ነው። የእኛ ጆሮ ማጥበቅና ማላላትን በጣም ይወዳል። «ሰበረ» ስንል በ ትጠብቃለች። «ይሰብራል» ስንል ትላላለች። እርባታው ውስጥ የተቀበረ ነገር ነው፣ ማንም ሳያስተምረን በልጅነታችን እናውቀዋለን። ፊደላችን ግን አያሳየውም፤ ሁለቱም ላይ በ አንድ ጊዜ ነው የምትጻፈው። ፈረንሳይኛው ጋ ስንሄድ ሁለት ተነባቢ ተጽፎ ስናይ «አሃ፣ እነዚህስ ይጽፉታል» ብለን ደስ ብሎን እናጠብቃለን። አያጠብቁም። ዶ-ኔ ነው፣ ላላ አድርገህ። ወረቀት ላይ ስትቆርጠው ዶን እና ኔ ይሆናል፣ አንዷ ኤን ወደዚህ አንዷ ወደዚያ። አፍ ላይ ግን ኤኗ አንዲት ናት፣ የምትውለውም ከሁለተኛው ቀለም ጋር ነው።

ጥቅሙ ሌላ ነው። ኤስን ውሰድ። በሁለት አናባቢ መካከል አንድ ኤስ ብቻ ከሆነች ዝ ሆና ትነበባለች። ሁለት ሲሆኑ ስ ትሆናለች። «መስበር» ካ-ሴ፣ በሁለት ኤስ። «ቦታ ማስያዝ፣ ማስቀመጥ» ካ-ዜ፣ በአንድ ኤስ። ስለዚህ ሁለተኛዋ ኤስ የተጻፈችው ድምፁን ለመጠበቅ ነው።

አሁን ግን ልብ በል። ጥቂት ግሶች ላይ የእኛ ጆሮ በትክክል የሚያገለግልበት ቦታ አለ። «መሮጥ» የሚለው ግስ ላይ፣ «እሮጥ ነበር» ዥ ኩ-ሬ ነው፣ በአንድ ኤር። «ወደፊት እሮጣለሁ» ዥ ኩር-ሬ ነው፣ በሁለት ኤር፣ እዚህ ላይ ይጠብቃል። ጊዜውን የሚለየው ማጥበቁ ነው ለማለት ይቻላል፣ ልክ እንደ «ሰበረ» እና «ይሰብራል»። «መሞት» ላይም እንደዚሁ፤ ሙ-ሬ ያለፈው፣ ሙር-ሬ የሚመጣው። «ማግኘት፣ የራስ ማድረግ» የሚለው አኬሪር የተባለው ግስም እዚሁ ምድብ ውስጥ ነው። ግን «እችላለሁ» እና «አያለሁ» በትንቢት ጊዜ ሁለት ኤር እየተጻፈባቸው አይጠብቁም፤ ፑ-ሬ፣ ቬ-ሬ። ስለዚህ መሮጥን፣ መሞትንና አኬሪርን ከነዘመዶቻቸው አጥብቅ፣ ሌላውን ሁሉ አላላ።

ጥያቄ፦ «እኔ የስልሳ ሁለት ዓመት ሴት ነኝ። ብራሰልስ ልጄ ጋ ነው የምኖረው። የልጅ ልጄን የቤት ሥራ ሳሳየው ‹እጠራለሁ› የሚለው በሁለት ኤል፣ ‹እንጠራለን› የሚለው በአንድ ኤል ተጽፎ አየሁ። ልጁን ‹ተሳስተሃል› አልኩት። እሱ ‹አያቴ፣ ልክ ነው› አለኝ። ማናችን ነን ልክ?» (ከብራሰልስ)

መልስ፦ እናቴ፣ ልጁ ልክ ነው። ምክንያቱን ግን እርስዎ ከሱ በተሻለ ይረዱታል፤ አማርኛ ስለሚያውቁ።

በእኛ ፊደል ሳድስ የሚባለውን ያስታውሱ። «ትምህርት» ብለው ይጻፉ። አምስት ፊደል ነው፣ አምስቱም ሳድስ። አሁን ይበሉት። ትም-ህርት። ሁለት ቀለም ብቻ። ትና ህ ትንሽዬ አናባቢ አወጡ፣ ም፣ ር እና የመጨረሻዋ ት ግን ምንም አላወጡም። ማንም አስተምሮን አይደለም የምናውቀው። ተነባቢ ሲደራረብ አፍ ራሱ አናባቢዋን የት እንደሚያስገባ ያውቃል።

የፈረንሳይኛዋ ኧም የሳድስ እህት ናት ማለት ይቻላል። አንዳንዴ ትሰማለች፣ አንዳንዴ ትጠፋለች። «እንጠራለን» ሲጻፍ ኑ አ-ፐ-ሎ(ን) ነው። ሲነገር ግን ኑ-ዛ-ፕሎ(ን) ነው፣ ኧዋ ትዋጣለች፣ ማንም አይናፍቃትም። «እጠራለሁ» ላይስ? መጨረሻው አይነበብም። ከኤል በኋላ የሚሰማ ነገር የለም። ስለዚህ ቃሉ የሚያበቃው በዚያችው መሃለኛ ኧ ላይ ነው። እሷ ደግሞ ደካማ ናት፣ የቃልን የመጨረሻ ቀለም መሸከም አትችልም። ስለዚህ ጠንክራ ሰፊ ኤ መሆን አለባት፤ ዣ-ፔል። ይሄንን መጠንከር ለዓይን ለማሳየት ኤሏን ሁለት አደረጓት። ኤሏ ግን አትጠብቅም። ሁለት የሆነችው ከፊቷ ያለችውን ኧ ለማጠንከር ነው።

«መግዛት» የሚለው ግስ ላይ ያው ነገር ይደረጋል፣ ግን በሌላ ምልክት። «እንገዛለን» ኑ-ዛሽ-ቶ(ን)። «እገዛለሁ» ዣ-ሼት። እዚህ ቴን ሁለት አያደርጉም፤ ኧዋ ላይ ወደ ግራ ያጋደለች ጭረት ያስቀምጣሉ። ሁለት ዘዴ ለአንድ ሥራ። ይሄ መደባለቅ ራሳቸውን ስላስቸገራቸው እ.ኤ.አ. በ1990 በወጣው የአጻጻፍ ማስተካከያ ላይ እንዲህ ያሉት ግሶች በጭረቱ እንዲጻፉ ተፈቀደ። «መጥራት» እና «መወርወር» ከነዘመዶቻቸው ብቻ እንደ ድሯቸው በሁለት ፊደል ቀሩ። ስለዚህ የልጅ ልጅዎ «እጠራለሁ» ላይ ሁለት ኤል ማድረጉ በአሮጌውም በአዲሱም ልክ ነው።

ኧዋ መቼ ትዋጣለች፣ መቼ ትቀራለች ካሉ፣ ሞሪስ ግራሞን የሚባል ፈረንሳዊ የቋንቋ ምሁር ያወጣው «የሦስት ተነባቢ ሕግ» የሚባል አለ። ኧዋን ስትጥላት ሦስት ተነባቢ የሚደረደር ከሆነ አትጣላት ነው ነገሩ። «እሰጣለሁ» በትንቢት ሲሆን ዶን-ሬ ይባላል፣ ሁለት ቀለም፣ ምክንያቱም ን እና ር ብቻ ናቸው የተገናኙት። «እናገራለሁ» ግን ፓር-ለ-ሬ ነው፣ ሦስት ቀለም። ኧዋን ብናወጣት ር፣ ል፣ ር ይደረደራሉ፣ አፍ ይከብደዋል። ይሞክሩት።

እናም ከደቡብ ፈረንሳይ፣ ከቱሉዝ ወይም ከማርሴይ የመጣ ሰው ካጋጠመዎ አይደንግጡ። እነሱ ኧዋን አይውጧትም። ፓርል የሚባለውን ፓር-ለ ይሉታል፣ ሁለት ቀለም አድርገው። ስህተት አይደለም፣ የአገሩ ወግ ነው።

በነገራችን ላይ አዲስ አበባ ውስጥ «ለገሃር» የምንለው «ላ ጋር» ነው፤ «ጣቢያው» ማለት። ባቡሩ እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ ሲገባ ይዞት የመጣው ስም ነው። ሲጻፍ መጨረሻው ላይ ኧ አለች። አባቶቻችን የሰሙትን ነው የያዙት፣ ኧዋን አልሰሟትም፣ አልያዟትም።

ጥያቄ፦ «ማተሚያ ቤት ውስጥ ጽሑፍ አቀናጃለሁ። አልፎ አልፎ ፈረንሳይኛ ይመጣል። መስመር ሲያልቅ ግሱን የት ልቁረጠው?» (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ወረቀት ላይ ስትቆርጥ የአፍን ነገር ለጊዜው ተወው፣ በፊደሉ ሂድ። በሁለት አናባቢ መካከል አንድ ተነባቢ ካለ ከሚቀጥለው ጋር ትሄዳለች። ሁለት ካሉ ይካፈላሉ፤ ፓር እና ሌ፣ ዶን እና ኔ። ሁለተኛዋ ኤል ወይም ኤር ከሆነች ግን ብዙ ጊዜ አብረው ይሄዳሉ፤ «መግባት» ራ(ን) እና ትሬ፣ «መምሰል» ሳ(ን) እና ብሌ። ሽ እና ኝ የሚሰጡት ጥምር ፊደሎች አይነጣጠሉም፤ ማር እና ሼ፣ ጋ እና ኜ። ሁለት አናባቢ ጎን ለጎን ከሆኑ መሃላቸው አትግባ። በአናባቢዎች መካከል ያሉትን ኢክስ እና ኢግሬክ የሚባሉትን ፊደሎችም አትንካ። አንድ ፊደል ብቻዋን መስመር መጨረሻ ላይ አትተው። ፓር-ለ-ቲል ላይ ቴዋ ወደ ታች ትወርዳለች፣ ከ«ኢል» ጋር። ኧ-ኤን-ቴ ያለበትን «ይናገራሉ»ን ለሁለት መቁረጥ በሕጉ ይቻላል፤ ግን ጠንቃቃ አታሚዎች የማይነበብ ቁራጭ ለብቻው ወደ ታች ማውረድ አይወዱም። እኔም አልወድም። ቦታ ካለህ ሙሉውን አውርደው።

ጥያቄ፦ «ዩኒቨርሲቲ ሥነ ጽሑፍ ነው የምማረው። ‹ትፈልጉ ነበር› እና ‹ትፈልጉ ይሆን› የሚሉት ሁለቱም መጨረሻቸው አንድ ነው። መምህሬ የመጀመሪያውን ሁለት ቀለም፣ ሁለተኛውን ሦስት ቀለም ብሎ ቆጠረ። ለምን? ግጥም ላይስ እንዴት ነው የሚቆጠረው?» (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ መምህርህ ጥሩ ጆሮ አለው። የመጀመሪያው ቩ-ልዬ ነው። ሁለተኛው ቩ-ድሪ-ዬ። ልዩነቱ ከፊት ያለው ነው። መጀመሪያው ላይ ከ«ዬ» በፊት ል ብቻዋን ናት። እሷ ከ«ዬ» ጋር ተጣብቃ በአንድ ምት ትወጣለች። ሁለተኛው ላይ ግን ድ እና ር ተያይዘው መጡ። ድርዬ ብለህ በአንድ ምት አውጣው እስቲ። አይወጣም። ስለዚህ አፍ ኢ-ን ሙሉ አናባቢ አድርጎ ይዘረጋታል፣ አንድ ቀለም ይጨምራል። በአንድ ቀለም ውስጥ ተነባቢ ሲደመር ኤል ወይም ኤር ተያይዘው ከመጡ ብዙውን ጊዜ እንዲህ ነው። «እንናገር ነበር» ፓር-ልዮ(ን)፣ ሁለት። «እንረሳለን» ኡ-ብሊ-ዮ(ን)፣ ሦስት። «መካድ» ንዬ፣ አንድ ቀለም። «መጮህ» ክሪ-ዬ፣ ሁለት። «መጫወት» ዥዌ፣ አንድ። «መብሳት» ትሩ-ኤ፣ ሁለት።

ግጥሙ ላይ ስትሄድ ሌላ ዓለም ነው፣ እኔ ከሁሉም የምወደው ይሄንን ነው። የፈረንሳይ ዋናው ስንኝ አሌክሳንድራ(ን) የሚባለው ነው። አሥራ ሁለት ቀለም አለው፣ ስድስተኛው ላይ ያርፋል። የእኛ የወል ቤት ስድስት ስድስት ቀለም ነው። እስቲ አስበው፤ ሁለት የማይዛመዱ ቋንቋዎች፣ አንድ ዓይነት እርምጃ።

እዚያ ስንኝ ውስጥ ግን ያቺ በንግግር የምትዋጠው ኧ ትመለሳለች። ቀጥሎ ተነባቢ ከመጣ ትቆጠራለች። «ዝቅ ብለው ይናገራሉ» ብትል በንግግር ኢል ፓርል ባ፣ ሦስት ቀለም። በጥንቱ ግጥም ኢል ፓር-ለ ባ፣ አራት። ስንኙ መጨረሻ ላይ ከወደቀች አትቆጠርም። የሚገርመው ደግሞ ይሄ ነው፤ «ይናገራል» በኧ ጨርሶ ቀጥሎ አናባቢ ቢመጣ፣ ለምሳሌ «ለ» የሚለው አ፣ ኧዋ ትወድቅና ፓር-ላ ይሆናል፣ ሁለት ቀለም። «ይናገራሉ» ከሆነ ግን ያቺ ኧ-ኤን-ቴ ውስጥ ያለችው ቴ ትነሣለች፤ ፓር-ለ-ታ፣ ሦስት ቀለም። ከላይ ማታ የምትማረዋ እህታችን «ሦስት ፊደል የት ገቡ» ብላ ጠይቃ ነበር። እዚህ ናቸው። ገጣሚዎቹ ጋ ነው ያሉት።

በዚያው በጥንቱ ግጥም «መካድ» እና «መጫወት» ሁለት ሁለት ቀለም ሆነው ይቆጠራሉ፤ ኒ-ዬ፣ ዡ-ዌ። ስለዚህ ስንኝ ስትቆጥር አሥራ አንድ ከመጣልህ ገጣሚው ተሳሳተ አትበል። መጀመሪያ ኧዎቹን ፈልግ፣ ቀጥለህ እንዲህ ያሉትን ግሶች ዘርጋቸው።

ጥያቄ፦ «‹እናደርጋለን› የሚለው ‹ፌ-ዞ(ን)› ነው ‹ፍ-ዞ(ን)›? ‹ነበረኝ› የሚለውስ? መጽሐፌ ላይ ሁለት አናባቢ ተጽፎ አንድ ብቻ ይሉታል።» (ከድሬዳዋ)

መልስ፦ ፍ-ዞ(ን) ነው። ሲጻፍ «ኤ» የሚያሰኝ ጥምር ፊደል አለው፣ ግን እንደ ሳድስ ነው የሚነበበው። «አደርግ ነበር» ላይም ፍ-ዜ ነው። «እናንተ ታደርጋላችሁ» ላይ ግን ወደ ቦታው ይመለሳል፣ ቩ ፌት። ሁለተኛው ደግሞ አንዲት ድምፅ ብቻ ናት፤ ከንፈርህን ለኡ አሹለህ ኢ ለማለት ሞክር፣ የሚወጣው እሱ ነው። ዤ-ዩ ብለው ለሚጽፉልህ አትመን፣ ዩ አይደለችም። እነዚህን ሁለቱን ምክንያት ሳትፈልግ በቃልህ ያዛቸው።

ጥያቄ፦ «ሞንትሪያል ነው የምንኖረው። እኔ ፈረንሳይኛ የተማርኩት አገር ቤት ነው፣ አስተማሪያችን ከፓሪስ የመጣች ነበረች። ልጄ ከትምህርት ቤት ሲመጣ ‹አንተ ትላለህ› የሚለውን ‹ትሱ ድዚ› ይላል። ‹ማጥናት›ን ደግሞ ‹ኤ-ትሱ-ድዝዬ›። አፉ እየተበላሸ ይሆን ብዬ ፈርቻለሁ። ላርመው?» (ከሞንትሪያል)

መልስ፦ እህቴ፣ አይዞሽ፣ ምንም አልተበላሸም። ይሄ የኩቤክ ፈረንሳይኛ ነው። እዚያ አገር ቴ እና ዴ ከኢ እና ከዚያች ከንፈር ከምታሾለው ኡ በፊት ሲመጡ ትስ እና ድዝ ይሆናሉ። እንደ እኛ ጸ ጠንካራ አይደለም፣ ለስለስ ያለ ነው። ደንቡን በደንብ ይጠብቃል፤ «መውጣት» ሶር-ትሲር ይባላል፣ «ይወጣሉ» ግን ያው ሶርት ነው፣ ምክንያቱም እዚያ ላይ ከቴ በኋላ ኢ የለም። ልጅሽ ሶርትስ ሲል ሰምተሽው አታውቂም፣ አትሰሚውምም። ሳያውቀው ሕጉን ይዞታል ማለት ነው።

ቀለሙም አልተነካም። አንቺ ኤ-ቱ-ድዬ ስትዪ ሦስት ነው፣ እሱ ኤ-ትሱ-ድዝዬ ሲል ሦስት ነው። የሚቆረጥበትም ቦታ አንድ ነው። አንቺ በለመድሽው አነጋገር ብትናገሪ ማንም አይስቅብሽም፣ እሱም ጓደኞቹ በሚናገሩት መናገሩ ተገቢ ነው። የፓሪሱን ካንቺ ይሰማል፣ የኩቤኩን ከሰፈሩ ይሰማል፣ ሁለቱም ጆሮው ውስጥ ይቀመጣሉ። አታርሚው።